ኦንላይን ጌም ላይ ክላስ እንዴት ይመረጣል? ሺህ ጊዜ የምትደጋግሙትን ሥራ ለይቶ ማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ጌሙን አውርዳችሁ ጨርሳችኋል፤ አካውንትም ከፍታችኋል። ገና አንድ እርምጃ ሳትራመዱ፣ አንዲት አይጥ እንኳ ሳትገድሉ፣ ስክሪኑ ላይ አሥር አሥራ ሦስት ምስሎች ተደርድረው ይጠብቋችኋል። አንዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰይፍ ተሸክሟል፤ የሌላዋ መዳፍ ላይ እሳት ይንቀለቀላል፤ ሦስተኛው ከኋላው ተኩላ አስከትሏል። ከእነዚህ ክላሶች፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ የምትመሩት ሰው ከሚይዛቸው የውጊያ ሙያዎች፣ አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ። የጌሙ ከባድ ጥያቄ የሚመጣው ስለ ጌሙ ምንም በማታውቁበት ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ መልኩ ደስ ያለውን ይጫናል፣ ወይ ደግሞ "አሁን ጠንካራው ክላስ የቱ ነው?" ብሎ ፈልጎ አንደኛ የወጣውን ይወስዳል። በሁለቱም መንገድ ሄደው የቀናቸው አሉ። እኔ ግን በብዙ ጌሞች ብዙ ክላስ ጀምሬ ከተውኩ በኋላ የቀረኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ክላስ ማለት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የምትደጋግሙት የእጅና የዓይን ሥራ ነው፤ ደክሟችሁ ከሥራ ወይም ከትምህርት ስትመለሱ የትኛውን ሥራ መደጋገም አይሰለቻችሁም? ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ለመመለስ ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ክላስ የሚባለው ነገር ከኮምፒውተር ጌም በፊት ነበረ። በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲጀምር ሦስት ክላስ ብቻ ነበረው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው በ1975 ተጨመረ። ዛሬ የምታዩዋቸው ሮግ፣ ዋርሎክ፣ ፓላዲን፣ ድሩይድ ምናምን የሚባሉት አብዛኞቹ የእነዚህ አራቱ ልጆችና ክልሶች ናቸው። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ክላስ ሲገጥማችሁ "ይሄ የማን ልጅ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ፊት ለፊት ቆሞ የሚመታ ነው? ከሩቅ የሚያቃጥል? የሚያክም? ተደብቆ የሚወጋ? ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ይለቃችኋል።

ደረጃ 1፦ ስትሳሳቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍላችሁ እወቁ

ስለ ክላሶቹ አንድ ቃል ከማንበባችሁ በፊት ጌሙ ምርጫችሁን ምን ያህል እንደሚቆልፍባችሁ አጣሩ። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ ካራክተራችሁ (ጌሙ ውስጥ የምትመሩት ሰው) የተፈጠረበትን ክላስ እስከ መጨረሻው ይዞ ይኖራል። ሜጅ (አስማተኛ) ሆኖ የተፈጠረ ሜጅ ነው፤ ሐሳብ ከቀየራችሁ ሌላ ካራክተር ፈጥራችሁ እንደገና ማሳደግ ነው። በክላሱ ውስጥ ግን ስፔክ የሚሏቸው ቅርንጫፎች አሉ፣ እነሱን መቀያየር ይቻላል። ፓላዲን ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ በአንዱ ታንክ (ጠላትን ራሱ ላይ የሚያቆይ)፣ በአንዱ ሂለር (የሚያክም)፣ በአንዱ ዲፒኤስ (ዋና ሥራው መምታት የሆነ) ይሆናል። ሮግም ሦስት አለው፤ ሦስቱም ዲፒኤስ ናቸው። ስለዚህ ፓላዲን የመረጠ ሰው ሦስት በር አለው፣ ሮግ የመረጠ አንድ በር ነው ያለው። ይህን ማንም በመጀመሪያው ስክሪን ላይ በደንብ አያስረዳችሁም።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ተቃራኒው ነው። እዚያ ክላሳችሁን የሚወስነው የያዛችሁት መሣሪያ ነው፤ ሰይፉን አስቀምጣችሁ በትር ስታነሡ ያው ካራክተር ሌላ ክላስ ይሆናል፣ የእያንዳንዱም ሌቭል ለየብቻ ይያዛል። የመጀመሪያውን ክላስ ሌቭል 10 አድርሳችሁ የክላሱን ተልእኮ ከጨረሳችሁ በኋላ ሌሎቹን መክፈት ትችላላችሁ። እዚህ ጌም ላይ ለሁለት ቀን ክላስ ሲያማርጥ የከረመ ሰው ጊዜውን በከንቱ አቃጥሏል ማለት ነው።

ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን በመሃል ነው። በ2014 በአራት ክላስ ጀምሮ አሁን ሰባት አድርሷል፤ ሰባቱም ግን ታንክም ሂለርም ዲፒኤስም መሆን ይችላሉ፣ ሚናውን የሚወስነው መሣሪያው፣ ልብሱና የመረጣችሁት ስኪል (ችሎታ) ነው። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕና አልቢየን ኦንላይን ጭራሽ ክላስ የላቸውም። በአልቢየን የለበሳችሁትን ናችሁ፤ በሩንስኬፕ የሠራችሁበት ስኪል ነው የሚያድገው። እነዚህን የምትጫወቱ ከሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ዝለሉ።

በማንኛውም ጌም ላይ አስቀድማችሁ የምታጣሯቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ክላስ በኋላ ይቀየራል ወይ፣ አንድ አካውንት ስንት ካራክተር ይይዛል፣ ካራክተሮቻችሁ መጋዘን ወይም ገንዘብ ይጋራሉ ወይ። ሦስቱም መልሳቸው ጥሩ ከሆነ ዘና በሉ።

ከጓደኛ ጋር ልትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ከክላስ በፊት ሰርቨርና ወገን ተስማሙ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 ሲወጣ ፓላዲን በአንደኛው ወገን፣ ሻማን በሌላኛው ብቻ ነበሩ፤ ይህ የተነሣው በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ "እኔ ፓላዲን፣ አንተ ሻማን" ብለው የተስማሙ ሁለት ጓደኞች ጌሙን ሲከፍቱ ጠላት ሆነው ነው የተገናኙት። ዛሬም በዘር፣ በወገን ወይም በጾታ ክላስ የሚገድቡ ጌሞች አሉ።

ደረጃ 2፦ ክላሱን ተዉትና ሚናውን ምረጡ

ክላስ ስም ነው፤ ሚና ሥራ ነው። አብዛኞቹ ጌሞች የቡድን ሥራን ለሦስት ይከፍሉታል፤ ታንክ፣ ሂለርና ዲፒኤስ። የሦስቱ ልዩነት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ ስትሠሩት የሚሰማው ስሜት ግን ሦስት የተለያየ ጌም የመጫወት ያህል ነው።

ታንክ የጠላትን ዓይን በራሱ ላይ የሚያቆይ ነው። እያንዳንዱ ጭራቅ ማንን መምታት እንዳለበት የሚወስንበት ስውር ሒሳብ አለ፤ ጌመሮች አግሮ ይሉታል። የመታው፣ መቺውን ያከመው፣ ሁሉም ነጥብ ይያዝበታል። የታንክ ምቶች ከሚያደርሱት ጉዳት በላይ ብዙ ነጥብ እንዲያስቆጥሩ ተደርገው ስለተሠሩ ጭራቁ ጓደኞቹን ትቶ እሱን ያሳድዳል። ታንክ ጋሻ ስለያዘ "የማይሞተው ሰውዬ" ይመስላል፤ እውነተኛው ሥራው ግን መንገድ መምራት ነው። ዳንጀኑ (ቡድኑ ገብቶ የሚዋጋበት ቦታ) ውስጥ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፤ በየት እንደሚዞሩ፣ ስንት ጭራቅ በአንዴ እንደሚጎተት፣ ቦሱ (ትልቁ ጭራቅ) ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር የሚወስነው እሱ ነው። ሲሳሳት አራት ሰው አብሮት ይሞታል፣ ሁሉም ማን እንደተሳሳተ ያያል። በክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ ሲሰጥ "እሺ፣ እኔ ላስተባብር" የምትሉ ዓይነት ሰዎች ከሆናችሁ ታንክን ሞክሩ። መንገድ መጥፋት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ቢያንስ ጌሙን እስክታውቁት ይቅርባችሁ።

ሂለር ሌላ ዓለም ነው። ሌሎቹ የቦሱን ክንፍና እሳት ሲያዩ እሱ የሚያየው በስክሪኑ ጥግ የሚወርዱና የሚወጡ የኤችፒ (የቀረ ሕይወት) መስመሮችን ነው። አንድ ሂለር ጓደኛዬ ለወራት የተዋጋውን ቦስ መልኩን በቅጡ ያየው ቪዲዮ ላይ ነው ቢላችሁ እንዳትገረሙ። ሥራው ሁለት ፍጥነት አለው፦ ሁሉም ደህና ሲሆን ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ድንገተኛ ነገር ሲመጣ የሚረጋጋ ሰው ይወደዋል። ምስጋናም ወቀሳም የሚበዛበት ሚና ነው፤ ወቀሳው እንደሚበልጥ ግን አልደብቃችሁም፤ እሳት ውስጥ ቆሞ የሞተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሂለሩን ነውና።

ዲፒኤስ፣ ማለትም ሥራው በሴኮንድ የሚያደርሰውን ጉዳት ማብዛት የሆነ፣ ለጀማሪ ይመከራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ብትሳሳቱ ቡድኑ ወዲያው አያልቅም። ግን "ቀላል" ማለት አይደለም። ዲፒኤስ በቁጥር የሚመዘን ሚና ነው፤ ከጎናችሁ ካለው ጋር የምትወዳደሩት ሁልጊዜ ነው፣ ሳትወዱ በግድ። ከራስ ጋር መፎካከር፣ ትናንት ካመጡት ዛሬ ትንሽ መጨመር ደስ የሚለው ሰው እዚህ ይመቸዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሚናችሁ ቡድን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደምትጠብቁ ይወስናል። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ዳንጀን አምስት ሰው ይገባል፦ አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለር፣ ሦስት ዲፒኤስ። በፋይናል ፋንታሲ 14 ትንሹ ቡድን አራት ሰው ነው፣ አንድ፣ አንድና ሁለት፤ ትልቁ ስምንት ሲሆን ሁለት፣ ሁለትና አራት ነው። እንበልና ከመቶ ተጫዋች ሰማንያው ዲፒኤስ፣ አሥሩ ታንክ፣ አሥሩ ሂለር ቢሆን፣ አሥር የአምስት ሰው ቡድን ይወጣል፤ አሥሩ ቡድን የሚወስደው ሠላሳ ዲፒኤስ ነው፣ ሃምሳው ወረፋ ላይ ቁጭ ይላል። ታንኩ ግን ቁልፉን እንደተጫነ ይገባል። ይህ ችግር ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን በ2011 የጎደለውን ሚና ይዞ ለሚሰለፍ ሰው ተጨማሪ ሽልማት እንዲሰጥ አድርጎታል፤ ፋይናል ፋንታሲ 14ም ተመሳሳይ ጉርሻ አለው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ይህ ሒሳብ ከማንኛውም የጥንካሬ ደረጃ ይበልጥ ይመለከታችኋል።

ሬይድ (ብዙ ሰው አብሮ የሚገባበት ትልቅ ውጊያ) ላይ ሲደረስ ደግሞ ይገለበጣል። የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከባዱ ሬይድ ሃያ ሰው ይይዛል፣ ታንኮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብቻ ናቸው። ለዳንጀን በጣም የሚፈለገው ታንክ፣ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ውስጥ ሲገባ "ቦታ ሞልቷል" ይባላል። ግባችሁ ሬይድ ከሆነ ክላሱን ከመምረጣችሁ በፊት ጊልዱን ጠይቁ።

ሦስቱን ሚና የማይከተሉም አሉ። ሎስት አርክ ታንክ የለውም፤ የአራት ሰው ቡድን ሦስት መቺና አንድ ሰፖርት ነው፣ ሰፖርቱ ጓደኞቹን ይሸፍናል፣ ጉልበታቸውንም ይጨምራል። ጊልድ ዋርስ 2 በ2012 ሲወጣ ለሁሉም ክላስ የራሱን ማከሚያ ስኪል ሰጥቶ "ሂለር ፍለጋ መቆም ቀረ" ያለ ጌም ነው፤ በኋላ ላይ ግን የቡድን ውጊያው ውስጥ ሂለሮች ተመልሰው መጥተዋል። ሰው ሥራ መከፋፈል ይወዳል መሰለኝ።

ደረጃ 3፦ እጃችሁን ጠይቁ

ይህ ደረጃ ነው በጣም የሚዘለለው፤ እኔ ደግሞ በጣም የምጨነቅበት።

ማንኛውም ክላስ ሮቴሽን የሚሉት ነገር አለው፤ ስኪሎች የሚጫኑበት ቅደም ተከተል ማለት ነው። በሁለት ስኪል መሃል ጌሙ የሚያስጠብቃችሁ ቋሚ ጊዜ አለ። በፋይናል ፋንታሲ 14 መነሻው 2.5 ሴኮንድ ነው፣ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለአብዛኛው ክላስ 1.5 ሴኮንድ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። የአሥር ደቂቃ ቦስ ላይ አስሉት፦ በ2.5 ሴኮንድ ሁለት መቶ አርባ ምት፣ በ1.5 አራት መቶ ምት ነው። አንደኛው የማሰቢያ ፋታ ይሰጣል፣ በፋታዎቹ መሃል ደግሞ ሌላ ስኪል ይሰገሰግበታል፤ ሁለተኛው ጣትን በማያቋርጥ ምት ይይዛል። አንዱ ቦስ ደግሞ አንዴ አይሸነፍም፤ ሠላሳ አርባ ጊዜ ትሞክሩታላችሁ። እጃችሁ የሚወደውን ምት ካላወቃችሁ ክላሱን በሁለተኛው ወር ትጠሉታላችሁ፣ ምክንያቱንም አታውቁትም።

ከምቱ ቀጥሎ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ማና (የድግምት ጉልበት) ያለው ክላስ ሙሉ ጋን ይዞ ይጀምራል፤ ሥራው ቆጥቦ ማድረስ ነው። እንደ ዋርክራፍት ዋሪየር በቁጣ የሚሠራ ክላስ ባዶውን ይጀምራል፤ በመታ ቁጥር፣ በተመታ ቁጥር ይሞላል፣ ስለዚህ ውጊያው ሲረዝም ይሟሟቃል። እንደ ሮግ በኢነርጂ የሚሠራው ሙሉ ይነሣል፣ ቶሎ ይጨርሳል፣ ከዚያ በራሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ፈጥኖ የሚጫን ሳይሆን ልክ ሰዓቱን የሚያውቅ ይሻላል። በቆጣቢ፣ በሚሟሟቅና በጠባቂ መካከል የትኛው ናችሁ? ከጌም ውጭ ባለው ጠባያችሁ ግን አትፍረዱ፤ ገንዘብ አባካኝ ሆኖ ማና ላይ ግን ንፉግ የሆነ ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ ቅርብ ወይስ ሩቅ የሚለው ይመጣል። በቅርብ የሚመታ ክላስ ከቦሱ እግር ሥር ስለሚውል ምን እየሆነ እንዳለ ማየት ይቸግረዋል፤ ቦሱ ሲሸሽም ምቱ ይቋረጣል። ከሩቅ የሚመታው ሜዳውን ሁሉ ያያል፤ ድግምት የሚደግም ከሆነ ግን ቆሞ መጨረስ አለበት፣ ሲንቀሳቀስ ድግምቱ ይቋረጥበታል። ቀስተኛ ብዙ ጊዜ እየሮጠ ይመታል። ገና እንቅስቃሴ የምትማሩ ከሆነ ቀስተኛ ወይም እንስሳ የሚያስከትል ክላስ ይቅርታው ብዙ ነው፤ እናንተ ስትደናበሩ ተኩላው ይዋጋል።

የቁልፉንም ብዛት ቁጠሩ። በጊልድ ዋርስ 2 ዋሪየር ሁለት ስብስብ መሣሪያ ያቀያይራል፣ በእያንዳንዱ አምስት ስኪል፣ በድምሩ አሥር። ኤለመንታሊስት በያዘው መሣሪያ ላይ እሳት፣ ውኃ፣ አየርና መሬት ይቀያይርበታል፤ አምስት በአራት ሲባዛ ሃያ ነው፤ ማከሚያውና ሌላው ሳይጨመር። ኤለመንታሊስትን የሚወዱት በጣም ይወዱታል። በላፕቶፕ ኪቦርድና ያለ ማውስ የሚጫወት ሰው ግን ራሱን ባያሰቃይ እመክራለሁ።

ኢንተርኔታችሁም እጃችሁ ነው። ፒንጋችሁ 200 ሚሊሴኮንድ ከሆነ የቦሱ ምልክት እስኪደርሳችሁና መልሳችሁ እስኪመለስ በድምሩ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ይጠፋል። በትክክለኛዋ ቅጽበት መመከት ወይም መሸሽ የሚጠይቅ ክላስ በዚህ ይበሳጫል። ድግምት ደጋሚ፣ ቀስ በቀስ የሚጎዳ መርዝ የሚለጥፍ፣ እንስሳ የሚያዋጋ ክላስ በአንጻሩ አይጎዳም። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ታንክና ሂለርን ተዉ፤ ዲፒኤስ ለአሥር ሴኮንድ ቢጠፋ ቡድኑ ይተርፋል።

ደረጃ 4፦ ከማን ጋር፣ መቼ

በአብዛኛው ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ራሱን የሚያክም ወይም አጋር እንስሳ ያለው ክላስ ፈልጉ። በዋርክራፍት ሃንተርና ዋርሎክ ለዚህ የቆዩ መልሶች ናቸው። የማትወስኑ ዓይነት ከሆናችሁ ክልስ ክላስ ውሰዱ፤ ድሩይድ በአራት ቅርንጫፉ ታንክ፣ ሂለር፣ የቅርብ መቺና የሩቅ መቺ ይሆናል። እንደ መድን ነው። ዋጋው ግን ተጨማሪ ልብስ መሰብሰብና ተጨማሪ ሥራ መማር ነው፤ ደግሞም "ሂለር መሆን ትችላለህ አይደል?" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እምቢ ማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ ሂለርነትን ጭራሽ የማይችል ክላስ መምረጥ መፍትሔ ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

ቋሚ ቡድን ካላችሁ ሌሎቹ ምን እንደሚለብሱ ተመልከቱ። በጊልድ ዋርስ 2 ዘጠኙ ክላሶች በከባድ፣ መካከለኛና ቀላል ጥሩር ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ፤ ሌሎችም ጌሞች ተመሳሳይ ክፍፍል አላቸው። የሚገኘው ዕቃ ለቡድን በሚታደልበት ጌም ላይ አራት ሰው አንድ ዓይነት ጨርቅ የሚለብስ ከሆነ፣ ለአንዲት ቀሚስ አራት ሆናችሁ ዳይስ ትጥላላችሁ።

ደረጃ 5፦ የደረጃ ሰንጠረዦችን በጥርጣሬ አንብቡ

ክላሶችን ከላይ ወደ ታች የሚደረድር ሰንጠረዥ በየጌሙ አለ። ውሸት አይደለም፤ ግን የሚለካው ሌላ ሰው ነው። አብዛኛው የሚሠራው ጫፍ የደረሱ፣ ሙሉ ዕቃ ያላቸው፣ ሮቴሽናቸውን ያለ ስሕተት የሚጫኑ ተጫዋቾች በሚያመጡት ቁጥር ነው። አንደኛና አምስተኛ በወጡት መካከል ያለው ልዩነት ከእኔና ከእናንተ ተራ ስሕተት ብዙ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ የምትወዱትን ስምንተኛ ክላስ ጥርት አድርጎ የሚጫወት ሰው፣ አንደኛውን በግድ የሚጫወተውን ይበልጠዋል።

እኔ ይህን በራሴ ነው የተማርኩት። በአንድ ጌም ላይ ሰንጠረዥ አይቼ አንደኛ የነበረውን የእሳት አስማተኛ ጀመርኩ። አልወደድኩትም፤ ድግምቱ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ መቆም አልወድም። ግን "ጠንካራ ነው" እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ለሰባት ሳምንት አሳደግሁት። ጫፍ በደረስኩ በአራተኛው ቀን አፕዴት መጣና ዋና ምቱን ቀነሱት። ጥንካሬው ሄደ፤ የማልወደው ነገር ብቻ እጄ ላይ ቀረ። አዘጋጆቹ ቁጥር በየጊዜው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ የክላሱን የእጅ ሥራ ግን እምብዛም አይነኩትም።

ሰንጠረዥ ካነበባችሁ ከየትኛው አፕዴት በኋላ እንደተሠራ፣ ለምን ዓይነት ውጊያ እንደሆነ (ለሬይድ? ሰው ለሰው? ለብቻ?) እዩና፣ በሦስት በአራት ተከታታይ አፕዴት ከታች ያልተነሣ ክላስ ካለ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። ሰው ለሰው ለሚዋጉ ግን ትንሽ ላላ ልበል፤ እዚያ የጥንካሬ ልዩነት ቶሎ ይሰማል፣ ተቃራኒያችሁ ይቅርታ አያደርግምና።

ደረጃ 6፦ ሦስት ሞክሩ፣ በሦስት ምሽት

እስካሁን ባለው ሦስት ክላስ ይቀራችኋል። አሁን አታንብቡ፤ ተጫወቱ። ነጻ ሙከራ ካለ ተጠቀሙበት፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እስከ ሌቭል 20፣ ፋይናል ፋንታሲ 14 እስከ ሌቭል 70 ያለ ክፍያ ያስሞክራሉ፣ የጊልድ ዋርስ 2 መሠረታዊው ጌም ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይጀመራል።

ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ምሽት ስጡ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ሦስቱንም እዚያው መነሻ ቦታ ላይ፣ እነዚያኑ ተልእኮዎች አሠሯቸው፤ አለዚያ የወደዳችሁት ክላሱን ይሁን ሰፈሩን አታውቁም። ሙዚቃና ፊልም ጎን ለጎን አትክፈቱ። በመሃል ሆን ብላችሁ ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ጭራቅ ወይም ሁለት ሦስት በአንዴ ተጋፈጡ፤ ክላስ ጠባዩን የሚያሳየው ሲጨንቀው ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ሰዓት ያየሁት ስንቴ ነው? ስሞት የተናደድኩት በራሴ ነው ወይስ በክላሱ? ምን ቢሆንልኝ ብዬ ተመኘሁ? በራሳችሁ ከተናደዳችሁ ጥሩ ምልክት ነው፤ እንዴት እንደሚሻሻል ገብቷችኋል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ዝቅተኛ ሌቭል ላይ ክላሱ ሙሉ አይደለም። አንዳንዱ ሦስት ቁልፍ ይዞ ጀምሮ ጫፍ ላይ ሃያ አምስት ይሆናል፣ አንዳንዱ የሚታወቅበትን ስኪል የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። በፋይናል ፋንታሲ 14 የመጀመሪያዎቹ ክላሶች ወደ ጆብ (ከፍ ወዳለው የክላስ ደረጃ) የሚያድጉት በሌቭል 30 ነው፤ በ2017 የተጨመሩት ሳሙራይና ሬድ ሜጅ ደግሞ ሌላ ክላስ ሌቭል 50 ካላደረሱ አይከፈቱም። ስለዚህ በሙከራው ላይ፣ ያንኑ ክላስ ጫፍ ላይ የሚጫወት ሰው አንድ ሙሉ የቦስ ውጊያ ያለ ቁርጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ተመልከቱ። የምታዩት ብልጭታውን አይደለም፤ ከታች ያለውን የቁልፎች መስመር ነው። ስድስት ደቂቃ እሱን ብቻ አይታችሁ እጃችሁን ካሳከካችሁ ያዙት።

ሌቭል የሚያዘልል ዕቃ በገንዘብ የሚሸጡ ጌሞች አሉ። ለመጀመሪያ ካራክተር አትግዙ። ሃያ አምስት ቁልፍ በአንዴ ተሰጥቷችሁ የሌሎች ሰዎች ዳንጀን ውስጥ መማር ለማንም ደስ አይልም።

ደረጃ 7፦ አሁን መልኩን እዩ

መልክን መጨረሻ አደረግሁት እንጂ አልናቅሁትም። ከኋላ የምታዩትን ጀርባ፣ የሩጫውን አኳኋን፣ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ በመቶዎች ለሚቆጠር ሰዓት ትኖሩበታላችሁ። ሁለት ክላስ እኩል ከሆኑባችሁ ልባችሁ የሄደበትን ውሰዱ። ልብሱን ግን በመነሻው ስክሪን ላይ በሚያሳዩት አትመኑ፤ እሱን የምታገኙት ከወራት በኋላ ነው።

ደረጃ 8፦ ከመረጣችሁ በኋላ

ዳንጀን ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ "ለዚህ ሚና አዲስ ነኝ" ብላችሁ ጻፉ። አንድ ሁለት ሰው ይወጣ ይሆናል፤ የሚቀሩት ይረዷችኋል።

መሰልቸት ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ ምንጩን ለዩ። ጌም ልትከፍቱ ስታስቡ ቡድኑን፣ ተልእኮውን፣ ወረፋውን ከጠላችሁ ክላስ መቀየር አይፈውሳችሁም፤ ለአንድ ሳምንት አትክፈቱት። ሁሉም ነገር ደስ እያላችሁ ውጊያው ሲጀመር ብቻ ጣታችሁ ከከበደ ግን ችግሩ ክላሱ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን አውጡና ሁለተኛ የወጣውን ክላስ ጀምሩ። የእንስሳ አስከታዩን ተኩላ ከአስማተኛው በትር ጋር አታወዳድሩ፤ ለአዲሱም እንደ ፊተኛው አንድ ሙሉ ምሽት ስጡት።

የተዋችሁትን ካራክተር አትሰርዙት። ዕቃ አስቀማጭ ይሆናችኋል፣ ገበያ ቦታ ላይ አቁማችሁት ትሸጡበታላችሁ። ደግሞ እኔ የእሳት አስማተኛዬን ከሁለት ዓመት በኋላ ስከፍተው፣ አዲስ አፕዴት እየሮጠ እንዲደግም ፈቅዶለት አገኘሁት።